ውሻዬ ያጉረመርምብኛል፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ 19 መልሶች

ክሩን፣ ማለትም የጥያቄና መልሱን ተከታታይ ውይይት፣ የከፈተችው እህት ጥያቄ አጭር ነው። አምስት ዓመት የሞላው፣ 4 ኪሎ የማይመዝን፣ ቺዋዋ የተባለ ትንሽ ዘር የተዳቀለበት ወንድ ውሻ አላት። ማታ ማታ ሶፋው ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። ወደ ማደሪያው ልትወስደው እጇን ከሆዱ ሥር ስታስገባ ያጉረመርምባታል። መጀመሪያ ላይ ከደረቱ የማይወጣ ድምፅ ነበር፤ ሰሞኑን ግን የላይኛውን ከንፈሩን ሰብስቦ ጥርሱን አሳያት። ከቡችላነቱ በእጇ ያደገ፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ እሷን ለይቶ የሚከተል ውሻ ነው። ባሏ ጌታው ማን እንደሆነ ካላሳየሽው ነገ ይነክስሻል ይላታል። እሷ ግን መምታት አልሆነላትም። ማጉረምረሙን እንዴት ላስተወው ነው ጥያቄዋ።

ይህን ጥያቄ በሆዱ ይዞ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ውሻው ትንሽ ስለሆነ ሰው ይስቅብኛል ብሎ ይተወዋል፣ ወይም የሚወደው ፍጥረት ፊቱን ሲያዞርበት ስለሚያመው ማውራት አይፈልግም። ለዚህ ነው ክሩን እስከ ታች ተከታትዬ መልሶቹን በየተራቸው ያሰፈርኳቸው። እኔም መሐል ላይ ገብቼ ጽፌያለሁና አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የሚያጉረመርም ውሻን ዝም ማሰኘት አደገኛ ነው። መፈለግ ያለበት የሚያስጉረመርመው ነገር ነው።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው ሰው ምክር ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ አበዛ። በትሕትና እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ ነገሩ መቼ እንደተጀመረ፣ ሲነሣ ብቻ ይሁን ሲዳሰስም፣ ሶፋ ላይ ብቻ ይሁን መሬት ላይም፣ ከሌላ ሰው ጋርስ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። ቀጥሎ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት የሚታዩትን ምልክቶች ዘረዘረላት። ውሻው ባለበት ድርቅ ይላል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ምግብ በሌለበት ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ በዓይኑ ጠርዝ ሲያይ የዓይኑ ነጭ ብቅ ይላል። ማጉረምረም የሚከተለው እነዚህ ሁሉ ሰሚ ሲያጡ ነው አለ። በክሩ ውስጥ ካሉት መልሶች ይህን ያህል የወደድኩት ጥቂት ነው።

መልስ 2፦ ጠያቂዋ ራሷ ተመለሰች። ነገሩ የጀመረው ከጥቂት ወራት ወዲህ ነው፤ ራሱንና አንገቱን ሲያሹት ደስ ይለዋል፤ ችግሩ የሚመጣው ሲነሣ ነው። ከንፈሩን መላሱን ብዙ ጊዜ አይታለች፣ ግን ሊስማት የፈለገ ይመስላት ነበር። ባሏም ሲያነሣው እንደዚያው ነው።

መልስ 3፦ እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። ሦስተኛው ሰው ውሾችን ሲያሳድግ መኖሩን ገልጾ፣ ውሻው ከእሷ በላይ ነኝ ብሎ እንዳመነ በእርግጠኝነት ጻፈ። መፍትሔውም ባጉረመረመ ቁጥር በጀርባው ገልብጦ እስኪረጋጋ ድረስ መያዝ፣ ሶፋ ላይ ለዘለዓለም እንዳይወጣ መከልከል፣ ከእሱ በፊት መብላትና በር ላይ ቀድሞ መውጣት ነው። የተኩላ መንጋ አለቃ እንዲህ ነው የሚያደርገው አለ። ብዙ ሰው ደገፈው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ምክሩን ለአንዲት ያላየናት ሴት፣ ጥርሱን ላሳየ ውሻ፣ ፊቷን ወደ ውሻው ፊት አስጠግታ እንድትፈጽመው መስጠቱ ነው።

መልስ 4፦ ሦስተኛውን ደገፈ። በተጠቀለለ ጋዜጣ አፍንጫውን መታሁት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም የሚል አጭር መልስ ነው።

መልስ 5፦ ይህኛው የተኩላውን ነገር ከሥሩ ነቀለው። የመንጋ አለቃ የሚባለው ሐሳብ የተስፋፋው ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ተመራማሪ በስዊዘርላንዷ ባዝል የእንስሳት ማቆያ የነበሩ ተኩላዎችን ተከታትሎ በ1947 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካሳተመው ጥናት ነው። እነዚያ ተኩላዎች በጠባብ ግቢ አብረው እንዲኖሩ የተደረጉ ነበሩ፤ ስለዚህ ተጣሉ፣ አንዱ ሌላውን አስገበረ። ዴቪድ ሚች የተባለው አሜሪካዊ የተኩላ ተመራማሪ በ1970 ባወጣው መጽሐፍ ሐሳቡን ለብዙ አንባቢ አደረሰው። በኋላ በሰሜን ካናዳ ባለችው የኤልስሚር ደሴት በነፃነት የሚኖሩ ተኩላዎችን ለዓመታት ሲከታተል ያገኘው ግን ሌላ ሆነ። መንጋው እናትና አባት ከነልጆቻቸው የሚኖሩበት ቤተሰብ ነው፤ ወላጆቹ የሚመሩት በጠብ አሸንፈው ሳይሆን ወላጅ ስለሆኑ ነው። ይህን በ1999 በጽሑፍ አወጣ፤ የራሱ የቀድሞ መጽሐፍ መታተሙ እንዲቆምም አሳታሚውን ጠየቀ።

አምስተኛው በዚህ አላበቃም። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2009 የወጣ ጥናትን አነሣ። ጠባያቸው አስቸግሯቸው ውሾቻቸውን ያመጡ 140 ባለቤቶች ከዚያ በፊት ምን እንደሞከሩና ውሻው ምን እንደመለሰ ተጠየቁ። ውሻውን በጀርባው ገልብጠው ከያዙት መካከል 31 በመቶው፣ ከመቱት ወይም ከረገጡት መካከል 43 በመቶው ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናገሩ። ዓይን ለዓይን ማፍጠጥ እንኳ 30 በመቶ ላይ ደርሷል። ለሦስተኛውና ለአራተኛው ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር፤ ያስፈልግ ነበር ለካ።

መልስ 6፦ ይህን መልስ የጻፈችው በዕድሜ የገፋች እናት ትመስላለች፤ ልጄ እያለች ነው ጠያቂዋን የምታናግራት። አራተኛው እንዳደረገው በቤቷ የነበረው ትንሽ ውሻ ባጉረመረመ ቁጥር ይቆጡታል፣ አንዳንዴም ይመቱታል። እውነትም ተወ። ቤተሰቡ ውሻችን ታረመ ብሎ ደስ አለው። አንድ ቀን የልጅ ልጇ መሬት ላይ ተንበርክካ ውሻውን አንገቱን አቀፈችው። አያትየው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያቸው ነበር። የውሻው አፍ ግጥም አለ፣ ጅራቱ ቆመ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ተለጠፈ፤ ድምፅ ግን አልነበረም። ከዚያ ልጅቷ ጮኸች። ጉንጯ ላይ ከዓይኗ ሥር ሁለት ጥርስ ገብቶ ነበር። ውሻው ያለማስጠንቀቂያ ነከሰ ተባለ፤ እሷ ግን ማስጠንቀቂያውን የቀማነው እኛው ነን አለች።

ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ስላለ ትንሽ ልቆይበት። ቅጣት የውሻውን ፍርሃት ወይም ሕመም አያነሣለትም፤ የሚያነሣው ድምፁን ነው። የተቀጣ ውሻ የሚማረው እንዲህ ስል እመታለሁ የሚለውን ነው፤ እጁ ሲመጣበት የሚሰማው ስሜት ግን እንዳለ ነው፤ እንዲያውም አሁን እጁ ራሱ የሚመታ ሆኗል። ዘበኛን ማን ነህ ብለህ አትጠይቅ ብሎ እየቀጡ ጠመንጃውን ግን በእጁ እንደመተው ነው። አራተኛው ሰው ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ያለው ምሥራች አይደለም፤ ለቤቱ ሰው እሰጋለሁ።

መልስ 7፦ ሦስተኛው ሰው ተመልሶ ቆጣ አለ። እናንተ ውሻ ሳይሆን ልጅ ነው የምታሳድጉት፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል እንጂ ባበላው ሰው ላይ አያጉረመርምም፤ ጥናትና ቁጥር የሚደረድር ሁሉ ውሻ ይዞ አያውቅም አለ። ስድስተኛዋን እናትም ልጅን ከውሻ ጋር መተው የራስሽ ጥፋት ነው አላት። እዚያው ተቀምጣ እንደነበር ጽፋለች፤ ቢያነበው ኖሮ ይህን አይልም ነበር።

መልስ 8፦ ጠቡን ትቶ ስለ ትንሽ ውሾች ጻፈ። 40 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ቢያጉረመርም ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ 4 ኪሎው ሲያጉረመርም ግን ይሳቅበታል፣ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጸውም አለ። ትንሹን ውሻ ማንም ሳይጠይቀው ያነሣዋል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሰጠዋል፣ ይጨምቀዋል። ከላይ የሚወርድበት እጅ ከራሱ ይበልጣል። ፊቱን ሲያዞር፣ ሲደርቅ ማንም አላየለትም፤ ቀስ በቀስ ድምፅና ጥርስ ብቻ እንደሚሠራ ይማራል። በ2010 ከቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ትንንሽ ውሾች በባለቤቶቻቸው ዘንድ ይበልጥ ቁጡና ፈሪ ተብለው መገለጻቸውን፣ ባለቤቶቻቸውም ዛሬ የፈቀዱትን ነገ የመከልከል ልማድ እንዳላቸው አሳይቷል አለ። ቺዋዋና ዳሽሁንድ የተባሉት ትንንሽ ዘሮች በባለቤታቸው ላይ በመቆጣት ከፍ ብለው የተገኙበት የ2008 ጥናት መኖሩንም ጨመረ። እኔ ግን ዘሩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይስማማኝም፤ ይህ ውሻ አምስት ዓመት ሙሉ ቺዋዋ ነበር፣ ያጉረመረመው ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ ነው።

መልስ 9፦ የእንስሳት ሐኪም መሆኗን የገለጸች ሴት ይህንኑ ያዘች። ጎልማሳ ውሻ በድንገት ጠባዩ ሲለወጥ፣ በተለይም በአንድ አያያዝ ላይ ብቻ ሲቆጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው አለች። በትንንሽ ውሾች ላይ በብዛት የምታየውን ዘረዘረች። አንደኛው ከጉልበት ፊት ያለችው ትንሿ አጥንት ከቦታዋ እየወጣች የምትመለስበት ችግር ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ሲሮጥ በድንገት አንድ የኋላ እግሩን አንሥቶ ሁለት ሦስት እርምጃ በሦስት እግሩ ይነጥርና ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል፤ ሰው ሲጫወት ይመስለዋል። ሌላው የጀርባ አጥንት ነው። ከሆድ ሥር በአንድ እጅ ሲነሣ ጀርባው መሐል ላይ ይታጠፋል፣ እግሮቹም ይንጠለጠላሉ። ጥርስና ድድ፣ የጆሮ ቁስለት፣ ዕድሜው ለገፋ ደግሞ የማየትና የመስማት መድከም አለ፤ ያልሰማ ውሻ ተኝቶ ሳለ ሲነካ ይደነግጣል።

ሁለት ነገር አስጠነቀቀች። የሰው ማስታገሻ እንዳይሰጠው፤ ኢቡፕሮፌን የውሻን ሆድና ኩላሊት ይጎዳል፣ ፓራሲታሞልም ጉበቱን ሊጎዳና ደሙን ሊመርዝ ይችላል፣ 4 ኪሎ ለማይሞላ ውሻ ደግሞ አንዲት ክኒን ብዙ ናት። ወደ ሐኪም ስትሄድም ሲያጉረመርም የነበረበትን ሁኔታ ጽፋ ወይም ሶፋ ላይ ሲወጣና ሲወርድ በስልኳ ቀርጻ እንድትወስድ፤ ምርመራ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ውሻ ፈርቶ ሕመሙን ይደብቃልና።

መልስ 10፦ ይህ የእኔ ነው። ሐኪም እስክታየው ድረስ በጭራሽ አታንሺው አልኳት። ከሶፋው ማውረድ ካስፈለገ የሚወደውን ቁራሽ እያየ መሬት ላይ ጣይለት፤ ራሱ ይወርዳል። ከፍታው ካስቸገረው ዝቅ ያለ መረገጫ አስጠጊለት። ሲያጉረመርም እጅሽን ቀስ ብለሽ መልሺ፣ አትቆጪው፣ አታባብዪውም። ብዙ ሰው እጄን ከመለስኩ አሸነፈኝ ብሎ ይፈራል። እኔ ግን እጇ ሲመለስለት ውሻው የሚማረው ጥርሱን ማሳየት ሳያስፈልገው እንደተሰማ ነው እላለሁ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ፈቃዱን መጠየቅ ትችያለሽ፦ ጎኑን ለሦስት ሰከንድ ያህል እሺውና እጅሽን አንሺ። ወደ እጅሽ ከተጠጋ ቀጥዪ፤ ባለበት ከቀረ፣ ከንፈሩን ከላሰ ወይም አይቶሽ ፊቱን ካዞረ አቁሚ። ድምፅ ሳያሰማ የሚናገረው ሲሰማለት፣ ድምፁ የሚያስፈልግበት ጊዜ ያንሳል።

መልስ 11 እና 12፦ እዚህ ላይ ክሩ ወደ ሌላ ሄደ። አንድ ወጣት የእሱ ውሻ ሲበላ ሰው ከተጠጋው እንደሚያጉረመርም፣ ለመግራትም ሳህኑን እየነጠቀ እንደሚመልስለት ጻፈ። የመለሰለት ሰው ወንድሜ ተው አለው፤ እየነጠቅክ የምታስተምረው ሰው ሲመጣ ምግቡ እንደሚጠፋ ነው፣ ስለዚህ ነገ ቀድሞ ይቆጣል። ይልቅ ሳይደርቅብህ ርቀህ ቆመህ ከሚበላው የሚበልጥ ነገር ወደ ሳህኑ ጣልና ሂድ፤ ከቀናት በኋላ ስትመጣ ቀና ብሎ መጠበቅ ሲጀምር አንድ እርምጃ ቅረብ። የያዘውን ነገር ከአፉ ማስጣል ሲያስፈልግም በተሻለ ነገር ለውጠው። ጥሩ መልስ ነው፣ የምጨምረው የለኝም።

መልስ 13፦ ገመድ ሲጎትት የሚያጉረመርመውስ ብሎ የጠየቀ ነበር፤ ራሱ ባገኘው ነገር መለሰው። በቡዳፔስት በ2010 የተሠራ ጥናት ውሾች አጥንት ሲጠብቁ፣ የሚያስፈራ ሰው ሲመጣባቸውና ገመድ ሲጎትቱ ያሰሙትን ማጉረምረም ቀድቶ፣ ወደ አጥንት ለሚሄዱ ሌሎች ውሾች አሰማቸው። አጥንት የሚጠብቀውን ድምፅ የሰሙት ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ኋላ አሉ። ውሾቹ ይለዩታል ማለት ነው። ለእኛ ግን ከድምፁ ይልቅ አካሉ ይቀለናል፦ የሚጫወት ውሻ ይላላል፣ ይዘላል፣ የፊት እግሩን ዘርግቶ ወገቡን ከፍ ያደርጋል፤ የሚያስጠነቅቅ ውሻ ይደርቃል።

መልስ 14፦ ትንሽ ውሻ ቢነክስ ምን ይሆናል የሚል ሰው ስላለ፣ አንድ ሰው ስለ እብድ ውሻ በሽታ በቁም ነገር ጻፈ። ቆዳ የነካ ጥርስ ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። የውሻውን ክትባት በወቅቱ ማደስም የባለቤቱ ግዴታ ነው አለ። ከርዕሱ ወጥቷል ብለው የነቀፉት ነበሩ፤ እኔ ግን ቦታው ነው እላለሁ።

መልስ 15፦ ለሌላ ሰው ስጪው፣ ሕይወት አጭር ናት የሚል አንድ መስመር።

መልስ 16፦ ስድስተኛዋ እናት ለዚህም ለሦስተኛውም በአንድ ላይ መለሰች፤ ይህን ጊዜ ልጄ ማለቷን ትታ በሻከረ ቃል። ለሌላ መስጠት ማለት የሚያመውን ውሻ ጠባዩን ለማያውቅ ሰው ማስረከብ ነው፣ የሚነከሰውም ያ ሰው ነው አለች። ሦስተኛው መለሰ፣ እሷም መለሰች፤ አስተባባሪው ስድቡን አጥፍቶ ሁለቱንም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ አሳሰበ። የጠፉትን አንብቤያቸው ነበር፤ ለውሻው የሚጠቅም ነገር አልነበረባቸውም።

መልስ 17፦ ከቀናት በኋላ ጠያቂዋ ተመለሰች። ሐኪሙ የግራ የኋላ ጉልበቱን አጥንት በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ከቦታው ወጥቶ ተመለሰ፤ ውሻው በዚያው ቅጽበት አንገቱን ዞር አድርጎ አጉረመረመ። ችግሩ ከአራቱ ደረጃዎች ሁለተኛው ላይ ነው፤ ለጊዜው የሕመም ማስታገሻ፣ ክብደቱን መጠበቅና ከከፍታ እንዳይዘል ማድረግ ታዞለታል፤ ቀዶ ሕክምናው እየታየ ይወሰናል። ያን የሦስት እግር ንጥረት ከቤት ውጭ ብዙ ጊዜ አይታው እንደነበር ጻፈች። ባሏም የዘጠነኛዋን መልስ አንብቦ አሁን ውሻውን በስሙ ጠርቶ ነው የሚያወርደው።

መልስ 18፦ ጥያቄ ግን ቀርቷታል። መድኃኒቱ እየሠራለት፣ እንደ ልቡ እየሄደ፣ እጇን ወደ ሆዱ ስትዘረጋ አሁንም ያጉረመርማል። ዘጠነኛዋ መላሽ፣ ሐኪሟ፣ ሕመሙ ቢቀንስም እጅ መጣ ማለት ሕመም መጣ ማለት ነው የሚለው ትምህርት ወዲያው እንደማይጠፋ አስረዳቻት፤ እንደተማረው ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። መሬት ላይ ተቀምጣ ከጎኑ እጇን ማሳየት፣ ወዲያው ቁራሽ መስጠት፣ እጇን መመለስ። እጇን ሲያይ ፊቷን ቀና ብሎ ማየት ሲጀምር ጎኑን መንካት፣ ከዚያ ደረቱን መደገፍ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ እጅ ከደረቱ አንዱን ከኋላው ሥር አድርጋ ለቅጽበት ከመሬት ማላቀቅ። ከማንሣቷ በፊት ሁልጊዜ አንድ ቃል እንድትናገር፣ ያ ቃል በሌለበት ግን ማንም እንዳያነሣው። ከደረቀባት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ።

መልስ 19፦ የመጨረሻዋ ጥያቄዋ ሐኪም ቤት ስትወስደው ሐኪሙን እንዳይነክስ ምን ላድርግ የሚል ነበር። አንደኛው መላሽ መለሰላት። አፉን ከፍቶ ማለክለክና ውሃ መጠጣት የሚያስችለውን እንደ ቅርጫት የተሠራ የአፍ መከላከያ በልኩ ትፈልግ፤ አፉን ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋው የጨርቁ ዓይነት ለጥቂት ደቂቃ ካልሆነ አይሆንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪሙ ፊት ማጥለቅ የለባትም። ቤት ውስጥ ቁራሹን ከውስጡ ትስጠው፣ አፉን ራሱ እንዲያስገባ ትጠብቀው፣ ማሰሪያውን የምታስረው ያለምንም ማመንታት አፉን ሲያስገባ ብቻ ይሁን፤ አስራም ለጥቂት ሰከንድ አቆይታ ትፍታው። ቀጠሮው ሳምንታት ስለቀሩት ዛሬውኑ ብትጀምር ይደርስላታል አላት።